ሰፌድና ሩዝ፤ ስለ ቻርልስተን ከተማና ስለ ገጠሯ

ከተባበሩት ያሜሪካ መንግሥታት አንዱ በሆነው በደቡብ ካሮላይና፥ ሁለት ወንዞች ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሊገቡ ሲቃረቡ በመካከላቸው ምላስ የመሰለ ጠባብ ምድር ትተዋል። አንዱ ወንዝ አሽሊ፥ ሁለተኛው ኩፐር ይባላል። በዚያ ምድር ጫፍ ላይ የተሠራችው ከተማ ቻርልስተን ናት። እንግሊዞች በ1670 ዓ.ም. መጥተው መዠመሪያ የሰፈሩት ከአሽሊ ወንዝ ማዶ ነበር፤ ከ10 ዓመት በኋላ ግን ዛሬ ከተማዪቱ ወዳለችበት ስፍራ ተሻገሩ፤ ስሟንም በንጉሣቸው በዳግማዊ ቻርልስ ስም ጠሩት። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

እኛ የምንኖረው በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ነው፤ ከዚያ እስከ ቻርልስተን በአውቶሞቢል ሙሉ የአንድ ቀን መንገድ ነው። የሄድነውም በሚያዝያ ወር፥ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ዕረፍት ባገኙ ጊዜ፥ እናታችንን አስከትለን ነው። እናታችን ጎጃም ተወልደው ያደጉ ሲሆኑ ከእኛ ጋራ መኖር ከዠመሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከመነሣታችን በፊት አንድ ወዳጃችን፥ «አበባውን፥ ባሕሩንና የሀብታሞቹን ቤት አሳዩአቸው፤ ሰው ይሸጥበት ወደ ነበረው ስፍራ ግን ልጆችን አትውሰዱ፤ ልባቸው ይሰበራል» ሲል መክሮን ነበር። ይህን ምክር በመንገድ ላይ እያነሣን እየጣልን ስንሄድ እናታችን ሰምተው፥ «ልጅ ያማረ ቤት ባየ ጊዜ ማን ሠራው ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ በጠየቀ ጊዜ ምን ልትሉት ነው?» አሉ። ነገሩም በዚሁ ተቈረጠ።

የከተማዪቱ ውበት በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ጠባብ ጎናቸውን ለመንገድ ሰጥተው ርዝመታቸውን ወደ ውስጥ ያደረጉ ናቸው፤ ስፋታቸው የአንድ ክፍል ብቻ ሲሆን፥ በአንድ ወገን ከታች እስከ ላይ ረዥም በረንዳ ተሠርቶላቸዋል። በረንዳውም ከባሕር የሚመጣውን ነፋስ እንዲቀበል ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ ይመለከታል። ከመንገድ ያለው በር ሲከፈት የሚያስገባው ወደ ቤት ሳይሆን ወደዚህ በረንዳ ነውና፥ እናታችን ይህን ባዩ ጊዜ «በሩ አሞኘን» ብለው ሣቁ። በግድግዳዎቹም ላይ ክብ ክብ የብረት ሰሌዳዎች ይታያሉ። በ1886 ዓ.ም. በነሐሴ መጨረሻ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዪቱን ስለ ጐዳት፥ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በብረት ዘንግ ወግተው አጥብቀውት ነበር፤ ሰሌዳዎቹ የዘንጎቹ ራስ ናቸው። ታናሹ ልጃችን 41 ድረስ ቈጥሮ ደከመው።

እነዚህ ቤቶች እስካሁን የቆሙት እንዲሁ በዕድል አይደለም። ከተማዪቱ በ1931 ዓ.ም. የጥንቱን ሰፈር የሚጠብቅ ደንብ አወጣች፤ በአሜሪካ አገር አንድን የጥንት ሰፈር በሙሉ ለመጠበቅ የወጣው የመዠመሪያው ደንብ ይኸው ነው። በአዲስ አበባ የፈረሱትን ባለ ሰገነት የጭቃና የእንጨት ቤቶች ለምናስታውስ ሰዎች ይህን ማየት ቅናት ሳያሳድር አይቀርም።

ነገር ግን ቤቱን ቀርቦ የሚመለከት ሰው ሌላ ነገር ያያል። ከአሮጌዎቹ ጡቦች አንዳንዶቹ የጣት አሻራ አለባቸው። ጡቡ ገና እርጥብ ጭቃ ሳለ ከቅርጹ እያወጡ ለፀሐይ ይዘረጉት የነበሩት ባሮች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ልጆች ነበሩበት። ሴት ልጃችን ዕድሜዋ 12 ዓመት ነው፤ አስጎብኚው ካሳየን አሻራ በአንደኛው ላይ የራስዋን ጣት አግብታ ብትሞክረው ጠበባት። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተናገረችም።

ከአፍሪካ ወደ ሰሜን አሜሪካ ከተጋዙት ባሮች ከመቶ ወደ 40 የሚሆኑት የገቡት በዚህ ወደብ እንደ ሆነ ይገመታል። በኩፐር ወንዝ ዳር ጋድስደን የሚባለው የመርከብ ማራገፊያ ስፍራ ነበር። የባሪያ ንግድ ከባሕር ማዶ እንዳይገባ የሚከለክለው ሕግ በ1808 ዓ.ም. ከመጽናቱ አስቀድሞ ነጋዴዎች ብዙ ሺሕ ሰው በጥድፊያ አስገቡ፤ ዋጋ እስኪወጣ እያሉም በዚሁ ስፍራ ባለ መጋዘን ዘግተው ስላቈዩአቸው፥ በመቶ የሚቈጠሩት በብርድና በበሽታ አለቁ። በዚያው ምድር ላይ በ2023 ዓ.ም. የአፍሪካውያን አሜሪካውያን ዓለም አቀፍ ቤተ መዘክር ተከፍቷል። ሕንፃው በምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ ስለ ቆመ መሬቱን አልያዘውም። ከሥሩም ስስ ውሃ የሚመላበትና የሚጐድልበት ንጣፍ ተሠርቷል፤ በንጣፉ ላይ በመርከብ ሆድ ውስጥ እንደ ተጋደሙት ሰዎች ጎን ለጎን የሰው አካል ምስል ተቀርጿል። ወደ ውስጥ ገብተን ያየነው ብዙ ቢሆንም፥ ከሁሉ ይልቅ በልባችን የቀረው ይህ ከደጅ ያለው ውሃ ነው።

ከዚያም ወጥተን ካልሁን በሚባለው መንገድ ወዳለው ነጭ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ስሙ አማኑኤል ነው። ከማኅበሩ መሥራቾች ጋራ ስሙ የሚነሣው ዴንማርክ ቬሲ፥ ራሱን ከባርነት ዋጅቶ በአናጢነት ይኖር የነበረ ሰው፥ ባሮችን ለማስነሣት መክረሃል ተብሎ በ1822 ዓ.ም. ተሰቀለ። በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ለማጥናት ተሰብስበው ከነበሩት መካከል ዘጠኝ ሰዎች፥ አብረዋቸው እንዲቀመጥ በፈቀዱለት በአንድ ጎልማሳ ነጭ እጅ በጥይት ተገደሉ። በሩ በዚያን ሰዓት ተዘግቶ ነበርና እናታችን ነጠላቸውን አጣፍተው፥ በአገራችን ልማድ ደጁን ተሳልመው ተመለሱ።

የከተማዪቱ ገበያ ረዥም ነው፤ ፊት ለፊት ያለው አዳራሽ በ1841 ዓ.ም. የተሠራ ነው። ለጐብኚ የሚሸጠው አብዛኛው ዕቃ የትም የሚገኝ ስለ ሆነ በፍጥነት እናልፍ ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ ጥቁር ሴት በዝቅተኛ ወንበር ተቀምጠው፥ ሣር በጕልበታቸው ላይ አድርገው ሲሰፉ ባየን ጊዜ ግን እናታችን ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ከዚያም ያለ አስተርጓሚ ሄደው አጠገባቸው ቍጢጥ አሉ።

በእውነትም የሚያስደንቅ ነበር። የሣሩን ጭብጥ እየጠቀለሉ፥ አንዱን ዙር በሌላው ላይ እያሳረፉ፥ በቀዳዳው ማሰሪያ እያሾለኩ ይስቡታል፤ የእኛ አገር ሴቶች በአክርማና በስንደዶ መሶብና ሙዳይ የሚሰፉበት አሠራር ይኸው ነው። የሚለየው ሣሩና ዕቃው ብቻ ነው። በዚያ አገር ማሰሪያው የዘንባባ ቅጠል ሥንጥቅ ነው፤ መካከሉ ደግሞ ከባሕር ዳር የሚለቀም ቀጭን ሣር ሲሆን፥ በእንግሊዝኛ «ጣፋጭ ሣር» ይሉታል፤ ሽታው እንደ ታጨደ ድርቆሽ ነው። ጠቈር ያለ መልክ ሲፈልጉ የጥድ ቅጠል ይጨምሩበታል። እናታችን መውጊያውን ለማየት እጃቸውን ዘረጉ፤ ሴትዮዋም ሰጧቸው። መውጊያው እጀታው ተሞርዶ የሾለ የማንኪያ ስባሪ ነበር። «ወስፌ ናት» አሉ እናታችን፤ ልጃችንም እየሣቀች ተረጐመች።

ቀጥሎ የሆነውን ሳንጽፍ ብናልፍ ጽሑፋችን ይጐድላል። እናታችን ከተደረደሩት መካከል አንዱን ዝርግና ሰፊ ስፌት አንሥተው በሁለት እጃቸው ያዙና፥ እህል እንዳለበት አድርገው ወደ ላይ እያነሡ ያነፍሱ ዠመር። ባለቤቲቱ ይህን ሲያዩ ሥራቸውን ጥለው ብድግ አሉ። ያ ስፌት በአገራቸው ስሙ «ፋነር» እንደ ሆነ፥ አያቶቻቸው ሩዝ ያነፍሱበት እንደ ነበረ፥ ዛሬ ግን ገዢው ሁሉ በግድግዳ ላይ እንደሚሰቅለው ነገሩን። «የርስዎ እናት ግን ለምን እንደ ተሠራ በእጃቸው ያውቁታል» አሉን። እኛ ሰፌድ እንደምንለው ነገርናቸው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ «ሰፌድ፥ ሰፌድ» እያሉ ቃሉን ለመዱት።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር ማስታወቅ ይገባል። ይህ ጥበብ ወደ ካሮላይና የሄደው ሩዝ ከሚዘራበት ከምዕራብ አፍሪካ እንጂ ከእኛ አገር አይደለም። የአሜሪካ ገበሬዎች ጌቶች ሩዝ ማብቀል አያውቁም ነበር፤ ካፍሪካ ከመጡት ባሮች ብዙዎቹ ግን ዘሩን በተረከዝ ረግጦ መቅበርን፥ ረግረጉን መገደብን፥ በሙቀጫ መፈተግንና በሰፌድ ማንፈስን ከእናት ካባታቸው የተማሩ ነበሩ። የቻርልስተን ሀብት ከዚህ ዕውቀት ወጣ። ዕውቀቱን የያዙት ሰዎች ግን እንደ ከብት በዋጋ ይጻፉ ነበር።

በማግሥቱ ይህን በዓይናችን ለማየት ከከተማ ወጥተን የአሽሊን ወንዝ ተከትሎ ወደሚሄደው መንገድ ገባን። መንገዱ ጥላ ነው፤ ዋርካ የሚያህሉ የኦክ ዛፎች ከግራና ከቀኝ ቅርንጫፋቸውን ያገናኙበታል፤ ከቅርንጫፎቹም እንደ ሽማግሌ ጢም ግራጫ ሐረግ ይንጠለጠላል። ሚድልተን ፕሌስ የሚባለው ርስት ያለው በዚህ መንገድ ነው። አትክልቱ ከ1741 ዓ.ም. ዠምሮ የተተከለ ሲሆን፥ እርከኑ ደረጃ በደረጃ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ከታችም የቢራቢሮ ክንፍ የመሰሉ ሁለት ኩሬዎች አሉ። ትልቁ ቤት በ1865 ዓ.ም. በጦርነቱ መጨረሻ ተቃጠለ፤ የተረፈውን ግንብ የመሬት መንቀጥቀጡ ጣለው፤ አሁን የቆመው አንዱ ክንፍ ብቻ ነው።

ሩዙ የሚጠጣው በባሕር ጕልበት ነበር። ባሕሩ በየቀኑ ሲመላ የወንዙን ጨው የሌለበትን ውሃ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በግድቡ ውስጥ ያለው የእንጨት በር በዚህ ሰዓት ሲከፈት ውሃው ወደ እርሻው ይገባል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። ሐሳቡ የረቀቀ ነው፤ ነገር ግን ግድቡን ሁሉ በአካፋና በእጅ የሠሩት ባሮች ናቸው፤ በበጋም ወባው ሲበረታ ጌቶቹ ወደ ከተማ ሸሽተው ከባሕር ነፋስ በሚቀበለው በረንዳ ላይ ይቀመጡ ነበር። ያ በረንዳ ትናንት እጅግ ደስ ያሰኘን መሆኑን ልጃችን አስታወሰችን።

በዚያው ግቢ ውስጥ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ሙቀጫ አለ፤ ዘነዘናውም በሁለት ወገን ራስ ያለው ነው። ነፃ ከወጡ በኋላ ጥቁሮች የኖሩበት ትንሽ የእንጨት ቤትም አለ፤ በውስጡ በርስቱ ላይ በባርነት የኖሩ የብዙ ሰዎች ስም ተጽፏል። በካሮላይና የጥንት መዝገቦች ኩፊና ኩጆ የሚሉ ስሞች አይጠፉም፤ በምዕራብ አፍሪካ በአካን ሕዝብ ቋንቋ የመዠመሪያው ዓርብ፥ ሁለተኛው ሰኞ ለተወለደ ወንድ ልጅ የሚሰጥ ስም ነው። ጌታው በመዝገቡ ሌላ ስም ቢጽፍም እናትዮዋ በጓዳዋ የምትጠራበትን ስም አልተወችም ማለት ነው።

ከዛፍ ሥር ለማረፍ በተቀመጥን ጊዜ ታናሹ ልጃችን፥ «በኢትዮጵያም ሰው ይሸጥ ነበር ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

ነበር፤ እኛም ነበር አልነው። ኢትዮጵያ በ1923 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል መግባትዋን፥ በማግሥቱ ዓመት አዋጅ መታወጁን፥ በመጨረሻም በ1942 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ፈጽሞ መከልከሉን ነገርነው። ይህን ስንል ከመጽሐፍ እንደምናነብ ያህል ነበር። እናታችን ግን ቀና ብለው ሳያዩን፥ «ስፌት ማን እንዳስተማረኝ ታውቃላችሁን?» አሉ።

አያታቸው እንዳስተማሩአቸው እናስብ ነበር። እርሳቸው ግን በአያታቸው ቤት እትዬ ብለው የሚጠሩአቸው አንዲት ሴት እንደ ነበሩ፥ አዋጁ ከወጣ በኋላ መሄጃ አጥተው በዚያው ቤት እንደ ቀሩ፥ ወፍጮውንም ውሃ መቅዳቱንም እንደ ቀድሞው እርሳቸው ይዘውት እንደ ነበረ፥ ማታ ማታ በእሳቱ አጠገብ ስፌት ያስያዟቸው እርሳቸው እንደ ሆኑ ነገሩን። «የተወለዱበትን አገር ጠይቄያቸው አላውቅም፤ በቤቱም የሚጠይቅ አልነበረም። እጃቸውን ግን አውቀዋለሁ፤ የእኔ እጅ የሳቸው ነው» አሉ። እናታችንን ከተወለድን ዠምሮ እናውቃለን፤ ይህን ግን ያን ዕለት መስማታችን ነው። ወዳጃችን እንደ ፈራው የልጆቻችን ልብ ተሰብሮ እንደ ሆነ አናውቅም፤ ልጅቱ ግን ተነሥታ ከአያትዋ አጠገብ ተቀመጠች።

ወደ ከተማ ስንመለስ ወንዶችን ደስ የሚያሰኝ አንድ ታሪክ ለታናሹ ነገርነው። ሮበርት ስሞልስ የሚባል ባሪያ በጦርነቱ ጊዜ በዚህ ወደብ የአንድ መርከብ መሪ ነበር። በግንቦት ወር 1862 ዓ.ም. ነጮቹ ሹማምንት በከተማ ባደሩበት ሌሊት፥ የካፒቴኑን ባርኔጣ ደፍቶ፥ ሚስቱንና ልጆቹን ከሌላ ስፍራ አሳፍሮ፥ በምሽጎቹ ፊት የሚገባውን የፉጨት ምልክት እየሰጠ አለፈና ለሰሜኖቹ መርከቦች እጁን ሰጠ። ከጦርነቱ በኋላ በምክር ቤት ለሕዝብ እንደራሴ ሆነ፤ በተወለደበት በቦፎርት ከተማም የቀድሞ ጌታውን ቤት ገዝቶ ኖረበት። ልጁ ይህን ሦስት ጊዜ አስደገመን።

በመጨረሻው ቀን በኩፐር ወንዝ ላይ በ2005 ዓ.ም. በተከፈተው ታላቅ ድልድይ ተሻግረን ማውንት ፕሌዛንት ወደሚባለው ስፍራ ሄድን። በወንዙ ላይ የመዠመሪያው ድልድይ በ1929 ዓ.ም. ከተሠራና አውራ ጎዳናው ከተነጠፈ ወዲህ፥ የዚያ አገር ሴቶች በመንገድ ዳር የእንጨት መደብ እየተከሉ ስፌታቸውን ለመንገደኛ መሸጥ ዠመሩ። ልጆቻቸውን በእግራቸው ሥር አስቀምጠው ስለሚሠሩ፥ ሥራው ከቤታቸው ሳይለያቸው ገንዘብ አስገኘላቸው። ዛሬ ስፌቱ የግዛቱ የእጅ ሥራ ተብሎ በ2006 ዓ.ም. በሕግ ታውቋል፤ ሜሪ ጃክሰን የምትባል ሰፊም በ2008 ዓ.ም. የማክአርተርን ታላቅ ሽልማት አግኝታበታለች።

ሆኖም ሣሩ እየጠፋ ነው። ይበቅልበት የነበረው የባሕር ዳር ሆቴልና አጥር ያለው መኖሪያ ሆኖበታል፤ ሰፊዎቹም ሣር ፍለጋ ወደ ጆርጂያና እስከ ፍሎሪዳ ድረስ ይሄዳሉ። ከሽያጩ የሚተርፈው በዚህ ምክንያት ያንሳል፤ ወጣቶቹም ሌላ ሥራ ይመርጣሉ። አንድ የእጅ ስፋት ያላትን ስፌት ዋጋ ጠይቀን እጅግ በዛብን፤ በገበያ ልማዳችንም ልንከራከር አፋችንን ስንከፍት እናታችን ጐሸሙን። «የአራት ቀን ሥራ ናት፤ ቍጠሩት» አሉ። የተጠየቀውን ከፈልን።

ሻጯ የእናታችንን እጅና የልጅቱን ዓይን ተመልክተው፥ አንድ ጭብጥ ሣርና የዘንባባ ሥንጥቅ ጨመሩልን፤ መነሻውንም ራሳቸው አስረው ሁለት ዙር ሰፍተው ለልጅቱ ሰጡአት። እናታችን አሜሪካ ከገቡ ዠምሮ ሣር የለም እያሉ ስፌት አልያዙም ነበር። በዚያች ማታ በእንግዳ ማረፊያው አልጋ ላይ ከልጅቱ ጋራ ተቀምጠው፥ የሰፋችውን ዙር ሦስት ጊዜ ፈቱባት፤ «ላላ፤ እህል ያፈስሳል» እያሉ። በማግሥቱ ስንመለስ ልጅቱ በአውቶሞቢሉ ከኋላ ሆና ስትሰፋ ዋለች። ቨርጂኒያ ከገባን በኋላ ሣሩ አለቀ። እናታችን ተቀብለው በመዳፋቸው ላይ አድርገው አዟዙረው አዩትና፥ «ለሙዳይ ክዳን ትበቃለች» አሏት።